የወረቀት መቁረጫ ማሽን የብረት ጠረጴዛ አያያዝ፦ ለባሕር ዳር ማተሚያ ቤቶች

ከወረቀቱ ክምር ሥር ያለው ሉክ ቡናማ ጭረት ይዞ ሲወጣ፣ ክምሩን ወደ ኋላ ማቆሚያው (ክምሩ ከበስተኋላ ወደሚደገፍበት ብረት) መግፋት ጉልበት ሲጠይቅ፣ ወይም የታችኞቹ ሉኮች ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ስርጉድ ሲኖራቸው አብዛኛው ሰው የሚጠረጥረው ቢላውን ነው። ቢላው ይወርዳል፣ ይሳላል፣ ተመልሶ ይገጠማል፤ ችግሩ ግን እዚያው ነው። ሦስቱም ምልክቶች የሚመጡት ከጠረጴዛው ነው።

ባሕር ዳር ላይ ጠረጴዛ ቶሎ የሚጎዳው በእርጥበት ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም አየሩ እርጥብ ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ይብሳል። ዝናቡ ሲያባራም ነገሩ ወዲያው አይለቅም፤ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ጣና ሞልቶ ሳለ ሌሊቱ መቀዝቀዝ ይጀምራል። ከባዱ ብረት ሌሊት የያዘውን ቅዝቃዜ ጠዋት ቶሎ አይለቅም። በርና መስኮት ተከፍቶ ሞቅ ያለ እርጥብ አየር ሲገባ ብረቱ ያልበዋል። ላቡ በዓይን ላይታይ ስለሚችል አንድ ቁራጭ የጋዜጣ ወረቀት በመዳፍ ጫን አድርጋችሁ ጠረጴዛው ላይ ጎትቱ። ወረቀቱ ከጠቆረ ወይም ከተለጠፈ ብረቱ አልቦታል፤ እስኪደርቅ ድረስ ክምር አይቀመጥበትም።

መጀመሪያ ጠረጴዛው ምን እንደሆነ እወቁ

ለአንዱ መድኃኒት የሆነው ለሌላው ጥፋት ስለሆነ ይህን ሳትለዩ ምንም አትጀምሩ። የአብዛኞቹ አሮጌ ማሽኖች ጠረጴዛ በማሽን የተላገ ጥቁር ግራጫ ብረት ነው። ጠጋ ብላችሁ በጎን ብርሃን ስታዩት ወደ አንድ አቅጣጫ የሄዱ ስስ የመላጊያ መስመሮች አሉት። ይህ ዓይነቱ ይዝጋል፣ ግን ይታደሳል። ሌሎቹ በክሮም ወይም በኒኬል የተለበጡ ናቸው፤ እንደ መስታወት ያበራሉ፣ መስመርም አይታይባቸውም። በተለበጠ ጠረጴዛ ላይ የብረት ሱፍም ሆነ የብርጭቆ ወረቀት አይነካም። ልባጡ አንዴ ከተፋቀ ዝገቱ ከሥር ገብቶ እየላጠው ይሄዳል፤ ያን ጊዜ በእጅ የሚሠራ ጥገና የለም። ግራና ቀኝ የሚገጠሙት ተጨማሪ ጠረጴዛዎች ብዙ ጊዜ ፎርማይካ የለበሰ እንጨት ስለሆኑ እርጥብ ጨርቅና የደረቀ ጨርቅ ይበቃቸዋል።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ለስላሳ ብሩሽ ያለው ቫኪዩም፣ አምስት ስድስት ቁራጭ አቡጀዲ፣ የፕላስቲክ ስፓቱላ፣ ግማሽ ሊትር 96 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ የሆነ አልኮል፣ ትንሽ አኳራጃ ወይም ነጭ ጋዝ፣ የስፌት መኪና ዘይት፣ አራት ዜሮ የሚባለው ደቃቅ የብረት ሱፍ፣ 400 እና 600 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት፣ የመዳፍ ስፋት ያለው ጠፍጣፋ እንጨት፣ ደቃቅ መሳያ ድንጋይ፣ ማግኔት፣ የጎማ ጓንትና ሲሊኮን የሌለበት ጠጣር ሰም። አቡጀዲው አዲስ ከሆነ አስቀድሞ ይታጠብ፤ ከፋብሪካ ይዞት የሚመጣው ስታርች ጠረጴዛው ላይ ይቀራል።

የድስት መፈግፈጊያ ሽቦ የብረት ሱፍን አይተካም፤ ዕድሜ ልክ የማይወጣ ጭረት ያወጣል። 70 በመቶ የሆነው የእጅ ሳኒታይዘርም አይሆንም። ሲሶው ያህል ውኃ ነው፤ ጄሉ ደግሞ የሚያጣብቅ ቅሪት ይተዋል። በረኪና ወደ ማሽኑ አጠገብ ባይደርስ ይሻላል፤ ውስጡ ያለው ክሎሪን ብረትን በአንድ ሌሊት ያዝጋል።

ማሽኑን ከኃይል መለየት

መብራት ሄደ ማለት ማሽኑ ጠፋ ማለት አይደለም። መብራት በሄደ ቁጥር “እስኪመጣ እንጥረገው” ማለት የተለመደ ነው፤ አደጋውም ያለው እዚሁ ላይ ነው። አሮጌ ወይም ሽቦው የተነካካ ማሽን መብራቱ ሲመለስ፣ ወይም አንዱ ጀነሬተሩን ሲያስነሳ ምን እንደሚያደርግ ማንም ዋስትና አይሰጥም። ስለዚህ፦

1. ቢላውና ክላምፑ (ክምሩን ከላይ ተጭኖ የሚይዘው) ወደ ላይ መውጣታቸውን አረጋግጡ። የኋላ ማቆሚያውን እስከ መጨረሻው ወደ ፊት አምጡት፤ የጠረጴዛው የኋላ ክፍል ይገለጣል።

2. ዋናውን ማጥፊያ አውርዱ፣ የማሽኑን ቁልፍ ነቅላችሁ ኪሳችሁ ክተቱ። ማጥፊያው ጓጉንቸር የሚገባበት ቀዳዳ ካለው ቆልፉት። ከባድ መዘውር ያለው ማሽን ከሆነ ድምፁ ሙሉ በሙሉ እስኪቆም ጠብቁ።

3. የኋላውን ክፍል ከማሽኑ ጀርባ በኩል ጨርሱ። ከዚያ ኃይል መልሳችሁ ማቆሚያውን ወደ ኋላ ውሰዱና እንደገና አጥፍታችሁ የፊቱን ክፍል ሥሩ።

4. ከቢላውና ከክላምፑ ሥር ያለው ጠባብ መስመር በእጅ አይጠረግም። 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ባለው ጠፍጣፋ እንጨት ላይ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ከጎን ወደ ጎን ግፉ። ቢላው ባይንቀሳቀስም ከሥሩ የሚያልፍን የእጅ ጀርባ ለመሰንጠቅ ጫፉ ብቻ ይበቃል።

አኳራጃ፣ ጋዝ ወይም አልኮል ከመከፈቱ በፊት መስኮት ይከፈት፤ የቡናው ከሰልም ከክፍሉ ይውጣ። ከሰሉን ጥግ ማስጠጋት አይበቃም። የነዳጅ እንፋሎት ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ይሄዳል፣ ጀበናው ደግሞ መሬት ላይ ነው። ቤንዚን በዚህ ሥራ ቦታ የለውም።

ብናኙን ማንሳት

በኮምፕረሰር መንፋት የሚያስደስት ግን መጥፎ ልማድ ነው። የተነፋው የወረቀት ብናኝ ከክፍሉ አይወጣም። የኋላ ማቆሚያው በሚሄድበት ስንጥቅ ውስጥ፣ ማቆሚያውን በሚገፋው ጥርሳም ዘንግ ላይና በፎቶሴሉ (እጅ ሲገባ ማሽኑን በሚያቆመው የብርሃን ዓይን) መስታወት ላይ ይቀመጣል። ከዘይት ጋር ሲገናኝ ሊጥ ይሆናል፤ በክረምት ደግሞ እርጥበት ይዞ ከሥር ያለውን ብረት ያዝጋል። በቫኪዩም ሳቡት። ስንጥቁን በብሩሽ እየቆፈራችሁ፣ ከሥር ያለውን ሁሉ አውጡ።

የፕላስቲክ ዘንጉ፣ ማለትም ቢላው ወርዶ የሚያርፍበት፣ የተቀመጠበትን ቦይም በዚሁ ጊዜ ክፈቱ። ዘንጉን አውጡ፣ ቦዩን በእንጨት ፋቁ፣ በቫኪዩም ሳቡ። ከዘንጉ ሥር ብናኝ ከተጋገረ ዘንጉ ከጠረጴዛው ከፍ ብሎ ይወጣና ክምሩ ሲገፋ ይጋጨዋል፤ ቢላውም ከሚገባው በላይ ጠልቆ ስለሚገባ ቶሎ ይደነዝዛል። አራት ማዕዘን የሆነ ዘንግ በአራት ጎኑና በሁለት ጫፉ ሲገለባበጥ 8 ያልተቆረጠ መስመር ይሰጣል። በለወጣችሁት ቁጥር ቦዩን ጥረጉ፤ የተለየ ቀን አያስፈልገውም።

ሙጫ፣ ስቲከርና ቀለም

ሁሉንም በአንድ ፈሳሽ ማሸት ጊዜ ይፈጃል። ነጩ የእንጨት ኮላ የሚለቀው በውኃ ነው። ለብ ባለ ውኃ የረጠበና በደንብ የተጨመቀ ጨርቅ ለ2 ደቂቃ ጫኑበት፣ በፕላስቲክ ስፓቱላ ግፉት፣ ወዲያው በደረቅ ጨርቅና በአልኮል ጨርሱ። የመጽሐፍ ጀርባ የሚለጠፍበት ትኩስ ሙጫ ግን በውኃም በአልኮልም አይሟሟም። ሲቀዘቅዝ ጠንካራ ስለሚሆን ጠዋት ብረቱ ቀዝቃዛ ሳለ በስፓቱላ ጫፍ ቢመቱት ሙሉውን ይፈነጠራል። በሞቃት ከሰዓት ከሞከራችሁት ይለጠጣል እንጂ አይነሳም።

አብዛኛውን መከራ የሚያመጣው ስቲከር ነው። ስቲከር ሲቆረጥ ከጠርዙ የሚወጣው ሙጫ በዓይን አይታይም፤ በጣት ሲነካ ብቻ ይይዛል። በላዩ ብናኝ ይሰበስብና ጥቁር ነጥብ ይሆናል። አኳራጃ ወይም ነጭ ጋዝ ያረፈበት ጨርቅ ለ3 ደቂቃ ይቀመጥበት፣ ከዚያ ወደ አንድ አቅጣጫ ይጠረግ። ማሽከርከር ሙጫውን ማሰራጨት ነው። ያልደረቀ የኦፍሴት ቀለምም በዚሁ ይለቃል። ጋዝም ሆነ አኳራጃ የቅባት ሽፋን ስለሚተው ሁልጊዜ የመጨረሻው ጨርቅ የአልኮል ይሁን። ነጭ ወረቀት ስታሹበት ምንም ካልያዘ ጸድቷል።

ፈሳሹን ጨርቁ ላይ አድርጉ፤ ጠረጴዛው ላይ በቀጥታ አይፈስስም፣ አይረጭም። ይህ ለዘይትም ለሰምም ይሠራል።

ዝገት

ከዚህ በታች ያለው ላልተለበጠ ጠረጴዛ ብቻ ነው።

ብርቱካንማ አቧራ የመሰለ አዲስ ዝገት ከሆነ ጥቂት የስፌት መኪና ዘይት ጠብ ያለበት አራት ዜሮ የብረት ሱፍ ይበቃዋል። እንቅስቃሴው የመላጊያ መስመሮቹን ተከትሎ፣ ረጅምና ቀጥ ያለ ይሁን። በክብ ማሸት መስመር የሚያቋርጥ ጭረት ይፈጥራል፤ የሚያንሸራትተውም ወለል ይጠፋል።

ጣት ሲያልፍበት የሚሻክር ዝገት ከሆነ 400 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት በጠፍጣፋው እንጨት ላይ ጠቅልሉ፣ በጋዝ አርጥቡ፣ ዝገቱ እስኪነሳ ብቻ አሹ፤ ከዚያ በ600 ጨርሱ። እንጨቱ የግድ ነው። ወረቀቱን በጣት ይዞ ማሸት አንዱን ቦታ ከሌላው ዝቅ ያደርጋል።

ከተነሳ በኋላ የሚቀረው ጥቁር ነጥብ ጉድጓድ ነው። ተዉት። ጉድጓድ ወረቀት አይጎዳም፤ ሰም ይሞላዋል። እሱን ለማጥፋት ሲባል ዙሪያውን መፋቅ የጠረጴዛውን ልክ ማበላሸት ነው። ሎሚና አቼቶም ከዚህ ይራቁ፤ ዝገቱን ቢያነሱም የተጋለጠው ብረት በሰዓታት ውስጥ እንደገና ይዝጋል።

ስትጨርሱ ማግኔቱን በፌስታል ጠቅልላችሁ ጠረጴዛው ላይ አዙሩ። ከብረት ሱፉ የተሰበሩት ስስ ክሮች ይነሳሉ፤ ፌስታሉን ገልብጣችሁ ስታወጡት ሁሉም ውስጡ ይቀራል። እነዚህ ክሮች ከቀሩ በማግስቱ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ የዝገት ነጥብ ይሆናሉ።

ጉብታ

ከጉድጓድ ይልቅ የሚጎዳው ጉብታ ነው። መፍቻ ወይም የቢላ ብሎን ጠረጴዛው ላይ ሲወድቅ ይሰረጉዳል፤ የስርጉዱ ከንፈር ግን ወደ ላይ ይነሳል። በካሬ ሜትር 300 ግራም በሆነ የሠርግ ጥሪ ካርድ ላይ የሚወጣው ጭረት የዚያ ከንፈር ሥራ ነው። ለማግኘት አንድ ጥቅል ጥጥ በስሱ ጠረጴዛው ላይ ጎትቱ። ጉብታ ያለበት ቦታ ጥጡን ይዞ ነጭ ክር ያስቀራል። ቦታውን በእርሳስ ክበቡት፣ መሳያ ድንጋዩን በዘይት አርጥቡ፣ ጠፍጣፋ አስተኝታችሁ ቀስ ብላችሁ አሹ፤ በየ10 ምልልሱ በጥጥ ፈትኑ። ጥጡ መያዝ ሲያቆም እናንተም አቁሙ።

የቢላ መደንዘዝና የጠረጴዛ ጉብታ የሚምታታበት ጊዜ አለ። መለያው ቀላል ነው። ያው ክምር 10 ሴንቲ ሜትር ወደ ግራ ተጠግቶ ይቆረጥ። ስርጉዱ ከክምሩ ጫፍ ያለው ርቀት ከተለወጠ ከሥር ያለው ነገር ጠረጴዛው ላይ ተተክሏል ማለት ነው። ቆረጣው የትም ቢሆን ሻካራ ወይም ከላይና ከታች ልኩ የተለያየ ከሆነ ግን ወደ ቢላውና ወደ ክላምፑ ጫና ሂዱ።

ሰም መቀባት

ዘይት ብረትን ይጠብቃል፣ ወረቀት ግን ይጠጣዋል። ደብሊው ዲ 40 የሚባለውም ለዚህ አይሆንም፤ ግማሹ ይተናል፣ የቀረው ቅባት የታችኛውን ሉክ ያቆሽሻል። የሲሊኮን ርጭት ደግሞ በጣም ስለሚያንሸራትት ይወደዳል፤ መዘዙ በኋላ ነው የሚመጣው። ሲሊኮን የነካው ወረቀት ቀለም አይቀበልም፣ ላሚኔሽኑ ይላጣል፣ የሽፋን ሙጫ አይይዝም፤ ከጠረጴዛውም በቀላሉ አይለቅም። የሕፃን ፓውደር የሚነሰንሱም አሉ፤ እርጥበት ሲያገኝ ይጋገራል።

ጠጣር ሰም ብረቱንም ይጠብቃል፣ ወረቀቱንም ያንሸራትታል። ጣሳው ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ፦ ቀለም የሌለው፣ ሲሊኮን የሌለው፣ ማሻሻ ዱቄት የሌለው። ብዙው የመኪና ሰም ሲሊኮን አለው። ቀይ የወለል ሰም ነጭ ወረቀት ላይ ይወጣል፤ የጫማ ቀለምም እንዲሁ። ከጠጅ ቤት ሰፈፍ የሚነጠረው የንብ ሰም በብዛት ስለሚገኝ የሚያጓጓ ነው፤ ብቻውን ሲቀባ ግን ለስላሳ ስለሆነ በሞቃት ቀን ይይዛል፣ ብናኝም ይሰበስባል።

ቅቡ ከጠዋቱ 4 ሰዓት በኋላ፣ ብረቱ ከክፍሉ ጋር እኩል ሲሞቅ ይጀመር። በላበ ብረት ላይ የተቀባ ሰም ውኃውን ከሥሩ ያሽግበታል። በአልኮል ከጠረጋችሁ በኋላ 10 ደቂቃ ይድረቅ። የፊቱ ክፍል 1 ሜትር በ70 ሴንቲ ሜትር ገደማ ለሆነ ጠረጴዛ አንድ የሻይ ማንኪያ ሰም ይተርፋል። በአቡጀዲ ይዛችሁ ምጣድ በማሰሻ እንደሚታሰሰው በስሱ አልብሱት፤ ወፍራም ሰም ጥቅም የለውም። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ሲቆይ ይደበዝዛል፤ ያን ጊዜ በሌላ ንጹሕ አቡጀዲ እስኪያበራ ወልውሉ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሁለተኛ ቅብ ድገሙ። መጀመሪያ የምትቆርጡት 20 ሉክ ያህል ብላሽ ወረቀት ይሁን፤ የታችኛውን ሉክ ገልብጣችሁ በጎን ብርሃን እዩት። የሚያበራ ጭረት ካለበት ሰሙ አልተወለወለም።

በበጋ በወር አንድ ጊዜ፣ ከሰኔ እስከ ኅዳር በየ2 ሳምንቱ ይበቃል። በየመሐሉ መፈተኛው ሁለት ደስጣ ወረቀት በአንድ ጣት መግፋት ነው፤ ከተንፏቀቀ ጊዜው ደርሷል።

ጠረጴዛው ክምሩ በቀላሉ እንዲንሸራተት በቀዳዳዎች አየር የሚተፋ ከሆነ አንድ ጥንቃቄ ይጨመራል። በየቀዳዳው ያሉት ትንንሽ የብረት ኳሶች በሰም ወይም በሙጫ ይያዛሉ። ከወለወላችሁ በኋላ እያንዳንዱን በአውራ ጣት ጫን ብላችሁ ልቀቁ፤ ወዲያው ተመልሶ ካልወጣ ዙሪያውን አልኮል በነካ የጥጥ እንጨት አጽዱ። አየሩ በሁሉም ቀዳዳ እኩል ከደከመ ግን የነፋሻውን ማጣሪያ እዩ፤ ብዙ ጊዜ በወረቀት ብናኝ ተደፍኖ ነው።

በየቀኑና ማሽኑ ሲቆም

ማታ ጠረጴዛው ላይ ክምር አይደርም። ወረቀት እርጥበት ይስባል፤ በክረምት ሌሊት ያደረ ክምር በማግስቱ ሲነሳ የራሱን ልክ አራት ማዕዘን ዝገት ትቶ ይነሳል። የሻይ ብርጭቆና የለስላሳ ጠርሙስም እንደዚሁ ክብ ያትማሉ። እጁ በጣም የሚያልበው ቆራጭ ከሥራ ሲወጣ ከፊት ያለውን ጠርዝ በአልኮል ቢያብስ ጥሩ ነው፤ ላብ ጨው አለው።

ላስቲክ በቀጥታ ብረት ላይ አታልብሱ፤ ከሥሩ ላብ ይጠራቀማል። ከሥር አቡጀዲ፣ ጣራው የሚያፈስ ከሆነ ብቻ ከላይ ላስቲክ። ወደ ሐይቁ የሚከፈተው መስኮት ማታ ይዘጋ፣ ጠዋትም ፀሐይ እስክትጠነክር አይከፈት። በሐምሌ የክረምት ተማሪዎች ሞጁል ሲበዛ ያልታተመው ወረቀት ሲሚንቶ ላይ ሳይሆን ርብራብ ላይ ይቀመጥ፤ ከወለሉ የጠጣውን እርጥበት ይዞ የሚመጣው ወደ ጠረጴዛው ነው።

ማሽኑ ከ2 ሳምንት በላይ የሚቆም ከሆነ ሰም ብቻ አይበቃውም። በሰሙ ላይ የስፌት መኪና ዘይት በጨርቅ በስሱ ቀቡ፣ በላዩ ቅባት የማያሳልፍ ወረቀት አንጥፉ፣ በአቡጀዲ ሸፍኑ፣ የተቀባበትን ቀን በወረቀት ጽፋችሁ ማብሪያው ላይ ለጥፉ። ቀኑን ያላየ ሰው በዘይት ላይ ደረሰኝ ይቆርጣል። ሥራ ሲጀመር ዘይቱ በአኳራጃ፣ ከዚያ በአልኮል ይነሳል፣ አንድ ቅብ ሰም ይደገማል። ዘይትና አኳራጃ የነኩ ጨርቆች ሁሉ ክዳን ባለው ቆርቆሮ ገብተው ከክፍሉ ውጭ ይደሩ።